በስሜ የተወጋችው መርፌ

ሕመሙ የጀመረኝ ከራሴ ነው። ኮልፌ በተከራየሁት ቤት ደጃፍ ልብስ ሳሰጣ ግንባሬን በድንገት ወጋኝና ገመዱን ይዤ ቆምኩ። ቀጥሎ ጉልበቴን፣ ቀጥሎ ወገቤን። ያጠብኩትን ልብስ ከነቅርጫቱ ትቼ ገባሁና ባገኘሁት ጨርቅ ሁሉ ተጠቀለልኩ። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ የክረምቱ ብርድ ነው፣ ትንሽ ብተኛ ይለቀኛል ብዬ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ስሜ ለተብርሃን ይባላል። የተወለድኩት ኤርትራ ውስጥ፣ ከአስመራ የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ነው። ባለቤቴ ሃብተ አስካሪ ነበር፤ ጣሊያን ከእኛ አገር መልምሎ ያመጣው ወታደር ማለት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ዓመት እኔንም አስመጣኝ። ከተማዋ ለእኔ የሰው አገር ነበረች። አማርኛ የማውቀው እንደ ሕፃን ነው፤ ዳቦ፣ ውኃ፣ ደህና ዋሉ፤ የቀረውን በምልክትና በትግርኛዬ እያገዝኩ ነው የምግባባው። ወንዝ ስወርድ የሴቶቹ ወሬ ይቆማል። ቀድቼ ዳገቱን ስወጣ ከኋላዬ ይቀጥላል። አልተቀየምኳቸውም። ባሌ የለበሰው የገዳዮቻቸውን ልብስ ነው።

በወታደር ቤተሰብ ሰፈር ቦታ ስለጠፋ፣ ከኮልፌ ገበያ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እትዬ ጫልቱ ከምትባል ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየን። እትዬ ጫልቱ ሃምሳውን ያለፈች፣ አጥንቷ ሰፋ ያለ፣ በሰበታ በኩል የተወለደች፣ ኦሮምኛም አማርኛም አቀላጥፋ የምትናገር ሴት ነበረች። ጌሾ እያደረቀች ገበያ ትሸጣለች። አንድ ልጅ ነበራት፤ ደበላ። ለሚጠይቃት ሁሉ «ጅማ ለንግድ ሄዷል» ትላለች። እኔን ለማከራየት የፈቀደችው ወድዳ እንዳልሆነ ከፊቷ አውቅ ነበር።

በዚያው ሐምሌ መጀመሪያ ሃብተ ወደ ጎጃም ዘመተ። እሱ በሄደ በሳምንቱ ነው የታመምኩት። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ጫልቱ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«ከቤትሽ ጭስ ሳላይ ሁለት ቀን ሆነኝ። ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካችና «ያ ዋቃ! አምላኬ!» አለች። ወጣች። ትታኝ የሄደች መስሎኝ ነበር። ዳማከሴ ቀጥፋ በመዳፏ እያሸች ተመለሰች። «ምች ነው። ፀሐይ ላይ ስታጥቢ የመታሽ ነው» ብላ ጭማቂውን በአፍንጫዬ አስማገችኝ፤ ሰውነቴንም ቀባችኝ። የተኛሁበት እርጥብ እንደሆነ ስታይ የራሷን ቁርበትና ጋቢ አምጥታ አነጠፈችልኝ።

በአገሬ ቋንቋ እናትን «አደይ» እንላለን። ትኩሳቱ አእምሮዬን አዙሮት «አደይ፣ አደይ» ስላት ግራ ገባት።

«አደይ? ገና ክረምት ነው እኮ፣ አበባው አልፈነዳም» አለች።

ትርጉሙን በምልክት ጭምር አስረዳኋት። ከዚያን ቀን ወዲያ «እርስዎ» ስላት አትወድም። «ለእናት አንቺ ነው የሚባለው» አለችኝ። ዛሬም ሳነሳት «እሷ» የምለው ለዚህ ነው።

ዳማከሴው አልያዘልኝም። በአራተኛው ቀን ለአስካሪ ቤተሰቦች ወደተከፈተው የሕክምና ጣቢያ ደግፋ ወሰደችኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና «እኔ እዚህ ነኝ፤ አንቺ ግቢ» አለች። ከሽቦው ወዲህ ወረቀት የሌላቸው የሰፈሩ ሕመምተኞች ዝናብ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ምናልባት የሚያዝንላቸው ካለ ብለው። እኔ የአስካሪ ቤተሰብነት ወረቀቴን አሳይቼ በመካከላቸው አለፍኩ። አንዲት ሕፃን ያቀፈች ሴት ቀሚሴን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ውስጡ ቆርቆሮ ጣራ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በአግዳሚው ላይ የአስካሪ ሚስቶች። ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቅኩ። ሐኪሙ፣ ሁሉም «ዶቶሬ» የሚሉት ጣሊያን፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። አጠገቡ አስተርጓሚው ተስፋይ ይቆማል። ተስፋይ የአገሬ ልጅ ነው፤ በትግርኛ ሲያናግረኝ ከሕመሙ ይልቅ የቋንቋዬ ድምፅ አስለቀሰኝ።

«ወባ ነው ብሏል» አለኝና መራራ ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ኪኒኑን ስውጥ ጆሮዬ ይጮኽ ነበር። በሰባተኛው ቀን ግን ላብ እንደ ውኃ ወረደኝና ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ተነሳሁ፤ ግቢ ጠረግሁ፤ እትዬ ጫልቱ የዘረጋችውን ጌሾ ከዝናብ አነሳሁላት። የዶቶሬውን ኪኒን አመሰገንኩ። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ትኩሳት ለቅቆኛል ማለት ድኛለሁ ማለት መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ተመለሰ። ይህኛው ከፊተኛው የባሰ ነበር፤ ዓይኔ ቢጫ ሆነ፣ አፍንጫዬ ደማ። በሦስተኛው ቀን ሆዴ ያለው ልጅ ወረደ። እትዬ ጫልቱ ብቻዋን ነበረች የያዘችኝ። በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ከግቢው ጀርባ ከኮባው ሥር ቀበረችው። ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ያን ዕለት አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ደበላ ነገረችኝ። ጅማ አልሄደም። ጣሊያን በገባ ሰሞን ከጓደኞቹ ጋር ዱር ገብቷል። የአስካሪ ሚስት ለሆንኩት ለእኔ ይህን መናገር አንገቷን መስጠት ነበር።

«ለምን ትነግሪኛለሽ?» አልኳት።

«አንቺ ልጅሽን አጣሽ። እኔም የእኔን የት እንዳለ አላውቅም። ለማን ልንገር?»

በማግሥቱ መራመድ ስላልቻልኩ ጎረቤቶቿን ጠራች። ሰላምታ ነፍገውኝ የነበሩ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው አመነቱ። «ልጄ ብትሆን አትሸከሙም ነበር?» አለቻቸው። በቃሬዛ ተሸክመው ጣቢያው ድረስ ወሰዱኝ። አንደኛው ጭቃው ላይ ተንሸራትቶ ጉልበቱ ተላጠ፤ ቃሬዛውን ግን አልጣለም።

በዚህኛው ጊዜ ከጣቴ ደም ወስደው በማጉሊያ መነጽር አዩት። ተስፋይ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ።

«ወባ አይደለም። ደምሽ ውስጥ እንደ ጠጉር ቀጭን፣ የተጠማዘዘ ተባይ አለ። ቅማል ነው ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው። ይለቅሻል፣ ይመለሳል፤ ይለቅሻል፣ ይመለሳል።»

እኛ በጅምላ ተስቦ የምንለው ነበር፤ የሚያገረሸው ዓይነት። ጠጉሬን ላጩኝ፣ ልብሴን ቀቀሉት፣ ክንዴ ላይ መርፌ ወጉኝ። ከመርፌው በኋላ የመጣብኝን ልንገራችሁ፣ ይህ የገጠመው ሰው እንዳይደነግጥ። ትኩሳቱ ከመውረዱ በፊት ይብሳል። አልጋው ከእኔ ጋር እስኪንቀሳቀስ ድረስ ተንቀጠቀጥኩ፤ ልቤ ደረቴን ሰብሮ የሚወጣ መሰለኝ። ሁለት ሴቶች ይዘውኝ ነበር። ከዚያ ላቡ መጣ፤ ከዚያ እንቅልፍ። በአምስተኛው ቀን በእግሬ ወጣሁ።

እትዬ ጫልቱ የተላጨ ራሴን ስታይ ሳቀች፤ መልሳ አለቀሰች፤ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈትታ አሰረችልኝ።

እንግዲህ ማንም ያልነገረን ነገር ይህ ነው። የእኔ ልብስ ተቀቀለ፤ የእሷ አልተቀቀለም። ያን ሁሉ ቀን የተኛሁበት ጋቢ የእሷ ነበር፤ እኔ ጣቢያ ሳለሁ መልሳ ለብሳዋለች። በአንድ ቤት ያለ ሰው ልብስ ሁሉ ካልተቀቀለ የአንዱ መዳን ለሌላው ምንም አይደለም። ይህን ዛሬ እናውቃለን። ያኔ ጋቢውን አጣጥፋ ከራስጌዋ አስቀመጠችው።

ነሐሴ ሲያልቅ ጌሾዋን ተሸክማ ገበያ እንደሄደች ወደቀች። ሰዎች አምጥተው አስተኟት። ስነካት እሳት ናት። ጥቂት ቀን ደብቃኝ ነበር።

«ምች ነው» አለችኝ።

«ምች አይደለም፣ አደይ። የእኔው ነው። መርፌው ያድንሻል።»

ችግሩ መርፌውን የት ማግኘት ነው። ለአገሬው ሰው የተፈቀደ ሐኪም ቤት መሀል ከተማ ነበር። እዚያ ለመድረስ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ይለፉን የሚሰጠው ሹም ደግሞ ስምሽን፣ የልጆችሽን ስም፣ የት እንዳሉ ይጠይቃል።

«ደበላ የት ነው ሲሉኝ ምን ልበል?» አለች። «ጅማ ብል ጅማ ይጠይቃሉ። እኔ ሞቼ እሱ ይኑር።»

ዓይኗ ቢጫ መሆን ሲጀምር ወረቀቴን ከሣጥኔ አወጣሁት። ፎቶ አልነበረውም። ስም፣ ዕድሜ፣ የባል መለያ ቁጥር፣ በቃ።

«በዚህ ትገቢያለሽ» አልኳት። «እኔ ነኝ ትያለሽ።»

«በሰው ስም እንዴት እታመማለሁ?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ አፍንጫዋ ደማ። እኔ አልሳቅኩም። ደሙን ስጠርግላት «እሺ፣ እንዳልሽ» አለች። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ እሷ አልለመነችኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ተስፋይን ወደ ሥራው ሲመጣ መንገድ ላይ ጠበቅኩት። ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«አብደሻል? ይህች እኮ የሽፍታ እናት ነች ይባላል። ሁላችንንም ይሰቅሉናል!»

«እኔን ያዳነችኝ እሷ ነች። አንተም ዶቶሬውም ከእሷ በኋላ ናችሁ።»

ጫማውን ከጭቃው እያላቀቀ ወደ በሩ አየ።

«አምጧት» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ግን ከዚህ መንገድ እንዳታልፊ። ሁለት ለተብርሃን መኖር የለበትም።»

እነዚያው ሁለት ጎረቤቶች ተሸከሟት። እኔ ከመንገዱ ማዶ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ አየሁ። ተስፋይ በሩ ላይ መዝገቡን ይዞ «ስም?» ሲል አንደኛው ጎረቤት ሲመልስ፣ ተስፋይም ቀና ሳይል ሲጽፍ ይታየኝ ነበር። ቃሬዛው ገባ። የነጠላዋ ጫፍ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሁለት ቀን ከዛፉ ሥር አልተነሳሁም። ምግብ ብልክ የሚያደርስልኝ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ተስፋይ ወጣ፤ ወደ እኔ ሳያይ በአጠገቤ አለፈ። ሲያልፍ በትግርኛ እንዲህ አለ፦

«ለተብርሃን ዛሬ ጠዋት ሞታለች። ሂጂ፤ ሁለተኛ እዚህ አትታዪ።»

አስከሬኗን አልሰጡንም። በበሽታው የሚሞተውን ሁሉ ከጣቢያው ጀርባ በተቆፈረ ጉድጓድ ኖራ እየነሰነሱ ነበር የሚቀብሩት። ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሄጄ ንስሐ አባቷን ፈለግኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር መስማትም ያስጠይቅ ነበር። ሽማግሌው ቄስ ሰምተው ሲጨርሱ «ወለተ ሐና ናት የክርስትና ስሟ» አሉኝና በዚያው ዕለት ጸሎቷን አደረሱላት። ከእሳቸውና ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

በመዝገብ የሞትኩት እኔ ነኝ። ሕያው ነኝ ብል ማን እንደተቀበረ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ሞቼ ቀረሁ። መርዶዬ ጎጃም ሃብተ ዘንድ ደረሰ። ደብዳቤ ሁሉ ይነበብ ስለነበር እውነቱን የምልክበት መንገድ አልነበረኝም። እሱም በዚያው ዓመት ውጊያ ላይ ወደቀ። ከዘመቻው የተረፈ አንድ ጓደኛው በኋላ እንደነገረኝ፣ ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ጥቁር ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ነበር የሞተው። ለእኔ እንዳዘነ።

ጎረቤቶቹ አልከዱኝም። «የጫልቱ ልጅ» ይሉኝ ጀመር። ጌሾዋን መሸጥ ቀጠልኩ፤ አማርኛም ገበያው አስተማረኝ። ከዚያ በኋላ ስታመም የምሄድበት ጣቢያ አልነበረኝም። ከሽቦው ወዲህ ዝናብ ላይ ከተቀመጡት አንዷ ሆንኩ።

ጣሊያን ሲወጣ ደበላ መጣ። ጎፈሬው ትከሻው የደረሰ፣ ጠመንጃ የያዘ፣ ዓይኑ የእናቱ የሆነ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ስለ እናቱ ወሬው ቀድሞ ደርሶት ነበር።

«እናቴን ለጣሊያን የሰጠሻት የአስካሪ ሚስት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ያስገባኋት» አልኩት። «ተቀመጥና ስማኝ። ከዚያ ከቤትህ አስወጣኝ።»

አልተቀመጠም። ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ስትሞት ምን አለች?»

አላውቅም ነበር። አጠገቧ አልነበርኩም። ያን ያህል ዘመን ያንን ጥያቄ ስሸሸው ነበር። የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ ደበላን ወደ እሱ ወሰድኩት። ተስፋይ ከጣሊያን በኋላ አገሩ አልተመለሰም፤ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ ይቸረችር ነበር። ጠመንጃውን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ። ማን እንደሆነ ስነግረው መልሶ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ይህን ልናገር» አለ። «ዕድሜዋን ሃያ አራት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ የለተብርሃን ስለሆነ፣ አንዴ ተወግታ በሽታው ያገረሸባት ወጣት ሆና ቀረበች። ዶቶሬው ወረቀቱን እንጂ ፊቷን አላየም። መርፌውን ከፊተኛው አበርትቶ አዘዘ። አንቀጠቀጣት፤ ልቧ አልቻለም። መርፌው ይሁን በሽታው እኔ አላውቅም። ዝም ማለቴን ግን አውቃለሁ።»

እኔም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የጠየቅኳቸው ሐኪሞች አንዱ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ ይሉኛል፤ ሰውነቱ ባለቀ ሰው ላይ በሽታው ብቻውንም ይገድላል ይላሉ። የማውቀውን ብቻ ለእናንተ ልንገር። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ዕድሜያችሁን፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒት፣ ማን እንደሆናችሁ አትሰውሩ። ይህን የምለው እውነቱን መናገር ለማይችል ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ እያወቅኩ ነው። እሷ እውነቱን ብትናገር ልጇ ይታደን ነበር።

ደበላ ጥያቄውን ደገመው። «ምን አለች?»

ተስፋይ ያጣጠፈውን ጨርቅ ፈትቶ እንደገና አጣጠፈው።

«ምንም አላለችም። ከገባች ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። አንደበቷ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሰው ሲርቅልኝ ጠጋ ብዬ በአማርኛ ‹እናቴ፣ ምን ላምጣልዎት?› አልኳት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በዓይኗ ግራና ቀኝ የተኙትን የአስካሪ ሚስቶች አሳየችኝ። ትግርኛ አታውቅማ። አንድ ቃል ብትናገር የወረቀቱ ባለቤት አለመሆኗ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ይህችን፣ ለተብርሃንን፣ ይይዟታል። ሲያንቀጠቅጣት ነጠላዋን ነክሳ ነበር።»

«ውኃስ?» አለ ደበላ። «ውኃ ስትፈልግስ?»

«በእጇ ታሳየኝ ነበር።»

ደበላ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረና ከሱቁ ወጣ። ተከተልኩት። ከገበያው እስከ ቤት ድረስ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። ካፊያ ጀምሮ ነበር። ግቢው ደጅ ስንደርስ ቆምኩ፤ ዕቃዬን አውጥቼ ልሂድ ወይስ ልጠብቅ አላወቅኩም። እሱ ቀድሞ ገባና በሩን ሳይዘጋው ዞሮ አየኝ።

«ግቢ» አለኝ። «ዝናብ ነው።»